ጉዞን የኑሮ ክፍል ስለማድረግና ስለ አጀማመሩ

በከተማ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ስለ ጉዞ ሲያስብ፣ ብዙውን ጊዜ ነገሩን ገንዘብና ጊዜ የተረፈው ሰው የሚያደርገው አድርጎ ይቆጥረዋል፤ በዚህም ምክንያት ቤቱ ተሠርቶ እስኪያልቅ፣ ልጆቹ እስኪያድጉ፣ ዕዳው እስኪከፈል እያለ ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ፣ ከተወለደበት መንደርና ከሚሠራበት ከተማ በቀር የሀገሩን ምድር ሳያይ ዕድሜው ይገፋል። የሀገሪቱ ታሪክ የሚያሳየው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። ጥቂት እህል ቋጥሮ ለሳምንታት በእግሩ የሚጓዝ ገበሬ፣ እየለመነ እየተማረ ከደብር ወደ ደብር የሚዘዋወር ተማሪ፣ በቅሎና አህያ እየነዳ ወንዝ የሚሻገር ነጋዴ፣ ሁሉም በገንዘብና በጊዜ ረገድ ከዛሬው ደመወዝተኛ የተሻለ ምቾት አልነበራቸውም፤ ሆኖም መንገድ የኑሯቸው ክፍል ነበር። ይህ የሆነው ለጉዟቸው የታወቀ ቀን፣ በቂ ምክንያትና አብሮ የሚሄድ ሰው ስለነበራቸው ነው። የዚህ ንግግር ዓላማም ይህንኑ ማሳየትና የዛሬው ሰው ሦስቱን ነገሮች እንዴት መልሶ ሊያገኛቸው እንደሚችል ማመልከት ነው።

እዚህ ላይ ጉዞ ሲባል ሰው በፈቃዱ ከለመደው ስፍራ ተነሥቶ ለመሳለም፣ ለመማር፣ ለመነገድ ወይም ለማየት ሄዶ የሚመለስበት መንገድ ማለት ነው። በጦርነት ወይም በረሀብ ከቀዬው የተፈናቀለ ገበሬም ሆነ በረሃና ባሕር አቋርጦ ለሥራ የተሰደደ ወጣት እጅግ ረጅም መንገድ ሄደዋል፤ ነገር ግን የእነርሱ መንገድ የመከራ መንገድ ስለሆነ፣ ስለ ጉዞ ደስታና ጥቅም በሚነገርበት ስፍራ ከሌላው ጋር ተደባልቆ መቆጠር የለበትም።

ከጥንት ጀምሮ ሰፊውን ሕዝብ ከቤቱ ሲያስነሣ የኖረው ዋናው ምክንያት ሃይማኖት ነው። ንግሥ፣ ማለትም የአንድ ታቦት ዓመታዊ ክብረ በዓል፣ የሚውልበት ቀን የታወቀና የማይለወጥ ስለሆነ፣ ምእመናን ዓመቱን ሙሉ ያንን ቀን እያሰቡ ይዘጋጃሉ፤ መስከረም 21 ወደ ግሼን ማርያም፣ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ወደ ዝቋላ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፣ ኅዳር 21 ወደ አክሱም ጽዮን፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል፣ ለልደት በዓል ደግሞ ወደ ላሊበላ የሚተመው ሕዝብ የየዓመቱን አቆጣጠር በእግሩ የሚያውቅ ሕዝብ ነው። ከዚህም በላይ ስለት የሚባለው ነገር አለ። ስለት አንድ ሰው በጭንቁ ጊዜ የለመነው ቢፈጸምለት ወደ አንድ ቅዱስ ስፍራ ሊሄድ ወይም አንድ ነገር ሊሰጥ የሚገባው ቃል ነው፤ ቃሉን የገባ ሰው መሄድ አለመሄዱን እንደገና አይመክርበትም፤ የሚመክረው እንዴት እንደሚሄድ ብቻ ነው። ጉዞን የኑሮ ክፍል ለማድረግ ለሚፈልግ ሁሉ ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው መንገድ ላይ ሳይሆን ገና ልሂድ ወይስ ልቅር እያለ በሚያመነታበት በራሱ ቤት ነው።

በሙስሊሙ ዘንድም ሥርዓቱ ተመሳሳይ ነው። ሐጅ አቅሙ ለሚፈቅድለት ሁሉ በዕድሜው አንድ ጊዜ ግዴታ በመሆኑ ሰው ገና በወጣትነቱ የሚያቅደው ጉዞ ሲሆን፣ በሀገር ውስጥ ደግሞ ዚያራ፣ ማለትም የታላላቅ ሼሆችን መቃብርና መስጊድ መጎብኘት፣ ብዙ ሕዝብ ያንቀሳቅሳል። በባሌ የሚገኘው ድሬ ሼህ ሁሴን የዚህ ዋነኛ ምሳሌ ነው፤ ወደዚያ የሚሄዱት ምእመናን ሹካ መሰል በትር ይዘው፣ እያዜሙና እየተመራረቁ፣ አንዳንዶቹም ብዙ ቀን በእግራቸው ተጉዘው ይደርሳሉ።

የአብነት ተማሪው ጉዞ ደግሞ ከዚህ ይለያል። የአብነት ትምህርት ቤት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ንባብ፣ ዜማ፣ ቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ የሚሰጥበት ጥንታዊ ትምህርት ቤት ነው፤ በዚህ ሥርዓት ዕውቀት ሁሉ በአንድ ስፍራ ተከማችቶ አይገኝም። ከዜማው ክፍሎች ድጓን ለመማር ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ወደ ጎንደር፣ ለቅኔ ወደ ጎጃም መሄድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ የለመነውን ቁራሽ የሚያኖርበትን አኮፋዳ ይዞ፣ ከዘመዶቹ ርቆ ሀገር ለሀገር ይዞራል። ይህ ሥርዓት በችግር የተሞላ ስለነበረ እንዲሁ ሊሞገስ አይገባውም፤ በረሀብና በበሽታ በየመንገዱ የቀሩ ብዙዎች ናቸው። ሆኖም ከእናቱ ጓዳ ሳይወጣ የበቃ ሊቅ እንደሌለ ማኅበረሰቡ በሙሉ ልቡ ያምን ነበር፤ ይህ እምነት ዛሬ ትምህርትን ከአራት ግድግዳ ጋር ብቻ ላያያዘው ትውልድ ሊነገረው የሚገባ ነው።

ሲራራ ነጋዴ የሚባለው፣ ማለትም ጭነቱን በአጋሰስ ጭኖ ከገበያ ወደ ገበያ በጓድ የሚጓዘው ነጋዴ፣ ከከፋና ከጅማ በኩል ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ወደ ጎጃሙ የባሶ ገበያና ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ምጽዋ ሲያደርስ፣ ከአፋር በረሃ የሚወጣውን አሞሌ ጨው ደግሞ ወደ ደቡብ ያወርድ ነበር። ለዛሬው ተጓዥ ከሲራራው የሚተርፈው ትምህርት ስለ ስንቅ ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮ ክብደታቸው የቀለለ፣ ቶሎ የማይበላሹና እሳት የማይፈልጉ ስለሆኑ ለመንገድ የተመረጡ ምግቦች ናቸው፤ ዛሬም በአውቶቡስ ለሚሄድ ሰው በየመንገዱ ዳር ከሚሸጠው ብስኩት በጤናም በዋጋም ይሻላሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ጋር መጠቀስ የሚገባው የጽሑፍ ልማድ ነው። ደራሲው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ወደ ጃፓን በመልእክተኛነት በሄዱ ጊዜ ያዩትን ሁሉ መዝግበው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል ርእስ አሳትመዋል፤ ከዚያ ቀደም ብለውም በኋላ እቴጌ የሆኑት ልዕልት ወይዘሮ መነን ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ ግብፅ ያደረጉትን ጉብኝት በመጽሐፍ አቅርበዋል። በዚህ ዘመን በእጅ ስልክ የሚነሣው ፎቶግራፍ ቁጥር ስፍር ባይኖረውም፣ በየማታው ግማሽ ገጽ የሚጽፍ ሰው በየእርምጃው ፎቶ ከሚያነሣው ሰው የበለጠ እንደሚያይና እንደሚያስታውስ አያጠራጥርም፤ ለመጻፍ ሲል የቦታ ስም ይጠይቃል፣ የሰማውን ያመዛዝናል፣ ያልገባውን ይለያል።

እንግዲህ የጂቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ከገባ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1946 የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ካደረገ ወዲህ፣ በሳምንታት ይቆጠር የነበረው መንገድ በሰዓታት ሲቆጠር፣ ሰው ከቀድሞው የበለጠ መጓዝ ይገባው ነበር። ከተሜው ግን አልተጓዘም። ጊዜና ገንዘብ አጥቶ ነው እንዳይባል፣ ለቅሶ የተነገረው ዕለት የሚያደርገውን ማየት ይበቃል፤ በዚያው ሌሊት መኪና ተፈልጎ፣ ወጪው በዘመድ ተዋጥቶ፣ ከአለቃ ፈቃድ ተጠይቆ፣ አራት መቶና አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ለቀብር ይደርሳል፤ ለሠርግም እንዲሁ ያደርጋል። ለቅሶ ቀን አለው፣ ምክንያት አለው፣ አብረው የሚሄዱ ሰዎች አሉት። ሀገርን ለማየት የሚደረገው ጉዞ የተጓደለው ከሦስቱ አንዱም ስለሌለው ነው።

ከሦስቱ በቅድሚያ መያዝ ያለበት ቀን ነው። በግል ድርጅት ለሚሠራ ሰው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት ከደመወዝ ጋር ይሰጠዋል፤ ከዚያም በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ የሥራ ቀን ይጨመርለታል። አዋጁ ሠራተኛው ይህን መብቱን አልፈልገውም ብሎ የሚዋዋለውን ውል ዋጋ የሚያሳጣው፣ ዕረፍቱንም በገንዘብ መለወጥን በመርሕ ደረጃ የሚከለክለው፣ ዕረፍት ለሰው ጤናና ክብር የሚያስፈልግ ስለሆነ ነው። ብዙ ሠራተኛ ግን ይህን ዕረፍት በየግማሽ ቀኑ ቆራርጦ ለባንክ ሰልፍና ለቀበሌ ጉዳይ ይጨርሰዋል። በዓመቱ መጀመሪያ ከ16ቱ ቀናት አምስቱን ለይቶ፣ ከበዓላትና ከቅዳሜና እሑድ ጋር አገናኝቶ፣ ለአለቃው ቀደም ብሎ በጽሑፍ ያሳወቀ ሰው ከሳምንት በላይ የሚሆን የጉዞ ጊዜ ያገኛል።

ጀማሪ ግን ሳምንት የሚፈጅ ጉዞ አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ረጅሙን መንገድ አስቀድሞ የሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይቀራል። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ከሁሉ የሚመረጠው መነሻ፣ ማልዶ ወጥቶ በመሸ ጊዜ የሚመለስበት የቡታጅራ መንገድ ነው። ይህ መንገድ ከዓለም ገና ተነሥቶ ወደ ደቡብ ሲወርድ በአንድ ቀን ሦስት እጅግ የተለያዩ ቅርሶችን ያሳያል፤ ይህን ያህል ባለጸጋ የሆነ መንገድ በከተማው ደጃፍ ተዘርግቶ ሳለ አብዛኛው ነዋሪ ሳያየው መኖሩ የሚያስቆጭ ነው።

የመጀመሪያው መልካ ቁንጡሬ ነው። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ወንዝ ዳር የሚገኘው ይህ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1963 ለተመራማሪዎች ከታወቀ ወዲህ በተደረገ ቁፋሮ፣ ከሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ የሰው ዘር በተከታታይ የሠራቸው የድንጋይ መሣሪያዎች፣ የእንስሳት አጥንቶችና 700,000 ዓመት ያህል ዕድሜ ያላቸው የሰው የእግር ዱካዎች ተገኝተውበታል፤ ከዱካዎቹም መካከል የሕፃናት ይገኙበታል። በአቅራቢያው ባልጪት በተባለው ቦታ ባልጩት የሚባለው ጥቁር፣ መስታወት መሰልና ሲሰበር ጠርዙ እንደ ምላጭ የሚስል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በብዛት ስለሚገኝ፣ የጥንት ሰዎች ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ከዚያ ይወስዱ ነበር። መልካ ቁንጡሬና ባልጪት እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። የዓለም ቅርስ ማለት በዩኔስኮ፣ ማለትም በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት፣ ጥቅሙ ለሰው ልጅ ሁሉ መሆኑ ታምኖበት ጥበቃ እንዲደረግለት የተመዘገበ ቦታ ማለት ነው። በሥፍራው ያለው ሙዚየም ትንሽ ነው፤ ይሁን እንጂ ማንም ጎብኚ ድንጋዮቹን በቅርብ አይቶ ከአንዱ ዘመን ወደ ሌላው የእጅ ጥበብ እንዴት እንደረቀቀ በዓይኑ ሊከታተል ይችላል፤ በመጽሐፍ ብዙ ገጽ የሚፈጀው ነገር እዚያ በአንድ ሰዓት ግልጽ ይሆናል።

ከዚያ ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ ገባ ብላ የምትገኘው አዳዲ ማርያም ከአለት ተፈልፍላ የተሠራች፣ እስከ ዛሬም ቅዳሴ የማይታጎልባት ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በትውፊት ከንጉሥ ላሊበላ ዘመን ጋር ትያያዛለች። ወደ ላሊበላ ለመሄድ አቅም ወይም የመንገድ ሰላም ያላገኘ ሰው የዚያን ጥበብ ታናሽ እኅት እዚህ ያገኛታል። በመጨረሻም በሶዶ ምድር የጢያ ትክል ድንጋዮች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ስፍራ 36 ትክል ድንጋዮች ያሉት ሲሆን ከእነርሱ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። ሰይፎች በግልጽ ይታያሉ፤ ሌሎቹ ምልክቶች ግን ትርጉማቸው ገና በእርግጥ አልታወቀም። ከድንጋዮቹ ሥር መቃብሮች ተገኝተዋል። አንድ ጀማሪ ተጓዥ ሊቃውንት እንኳ ያልፈቱት ነገር በአንድ ጠዋት መንገድ ላይ ቆሞ መኖሩን ሲያይ፣ ስለ ሀገሩ የሚያውቀው ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ይረዳል፤ ያ መረዳት ለሚቀጥለው ጉዞ ምክንያት ይሆነዋል።

የቀን ጉዞን ሁለት ሦስት ጊዜ የለመደ ሰው አንድ ሌሊትና ከዚያ በላይ ወደሚያሳድረው መንገድ ሊያልፍ ይችላል። ለዚህ ከሚመረጡት አንዱ ወንጪ፣ በተራራ አናት ላይ ያለ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ፣ በሐይቁም ውስጥ ደሴት ያለው ቦታ ነው፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ ረዘም ያለ ዝግጅት ይፈልጋል። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ ወደ 4,000 ሜትር የሚደርሰውን የሰነቴ አምባ አቋርጦ ቁልቁል ወደ ሐረና ደን ስለሚወርድ፣ ተጓዡ ጠዋት ቀይ ቀበሮ የሚያድንበትን ውርጫማ ምድር አይቶ ከሰዓት በኋላ ቡና በዱር የሚበቅልበትን ሙቅ ጫካ ያያል። እንዲህ ባለው ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊያጋጥም ይችላል፤ መድኃኒቱ የመጀመሪያውን ቀን ዝቅ ባለ ቦታ ማሳለፍ፣ ውኃ መጠጣት፣ አለመሮጥ፣ ሕመሙ ከባሰም ሳይዘገዩ መውረድ ነው። ወቅትንም መለየት ያስፈልጋል። ለስሜን ተራሮች ክረምቱ ወጥቶ ምድሩ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይበት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ፣ ለባሌ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት፣ ለደናክል ደግሞ ሙቀቱ ጋብ የሚልባቸው የበጋ ወራት ይመረጣሉ።

ገንዘብን በተመለከተ አዲስ ዘዴ መፍጠር አያስፈልግም፤ ዕቁብ አለ። ዕቁብ አባላት በተወሰነ ጊዜ እኩል እያዋጡ ድምሩን በዕጣ በየተራ የሚወስዱበት ማኅበር ሲሆን፣ ለጉዞ ሲሆን ግን ዕጣ ሳይወጣ በየወሩ የተዋጣው ተጠራቅሞ ሁሉም በአንድ ቀን አብረው የሚወጡበት ማድረግ ይቻላል። በአዲስ አበባ አብያተ ክርስቲያናት በር ላይ ዘወትር ማስታወቂያቸው የሚለጠፈው የመንፈሳዊ ጉዞ ማኅበራት የሚሠሩት በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ አውቶቡስ በጋራ ይከራያሉ፣ ምግብ በጋራ ያዘጋጃሉ፣ ብቻውን ቢሆን የማይነሣውን ሰው ይዘው ይነሣሉ። በተለይ ሴቶች ብቻቸውን ለመጓዝ በሚሰጉበት አካባቢ፣ የታወቀ ማኅበር ዋስትና ነው። የመንገድ ሰላምም በቀላሉ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። ባለፉት ዓመታት በሰሜንና በሌሎችም የሀገሪቱ ክፍሎች በነበረውና ባለው ግጭት ብዙ መንገዶች ተዘግተዋል፤ ስለዚህ ከመነሣት በፊት በቦታው የሚኖር ሰው፣ የአካባቢው ባለሥልጣንና በመስመሩ የሚሠሩ ሹፌሮች ሊጠየቁ ይገባል፤ መልሱ አጠራጣሪ ከሆነ ጉዞውን ማስተላለፍ ፍርሃት አይባልም።

ተጓዥ እንግዳ መሆኑንም መርሳት የለበትም። የመሸበት መንገደኛ የእግዚአብሔር እንግዳ ተብሎ በማያውቀው ቤት የሚያድርበት ልማድ በመኪናና በሆቴል ዘመን እየቀረ ቢሄድም፣ የልማዱ ሌላኛው ወገን፣ ማለትም እንግዳው ለቤቱ የሚሰጠው ክብር፣ ሊቀር አይገባም። ሰውን ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ አለማንሣት፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ጫማ ማውለቅና ተገቢውን ልብስ መልበስ፣ የአካባቢውን አስጎብኚ ዋጋውን አስቀድሞ ተስማምቶ መቅጠር፣ ቆሻሻን ይዞ መመለስ፣ እነዚህ ሁሉ ለቀጣዩ ተጓዥ በሩ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ የሚያደርጉ ናቸው።

ወደ ውጭ ሀገር መሄድን የሚያስብ ሰውም ቢሆን በዚሁ መንገድ ከቅርቡ ቢጀምር ይሻለዋል፤ ጎረቤት ኬንያ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘን ጎብኚ ያለ ቪዛ ስለምትቀበል ድንበር ማለፍን ለመልመድ ምቹ ናት። ሆኖም የጢያን ድንጋይ ሳያይ የሩቅ ሀገር ሐውልት አይቶ የመጣ ሰው ስለ ሀገሩ ሲጠየቅ የሚመልሰው ያጣል።

የዚህ ሁሉ ኃላፊነት በግለሰቡ ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም። የአዲስ አበባ ልጆች በታሪክ መጽሐፋቸው ስለ ጥንታዊው የሰው ዘር ለፈተና ሲያጠኑ፣ ማስረጃው ያለበት ሥፍራ ከትምህርት ቤታቸው ግማሽ ቀን በማይሞላ መንገድ ላይ መገኘቱን ሳያውቁ ይመረቃሉ፤ የትምህርት ቤት ጉዞም በብዙ ስፍራ የመዋኛና የመዝናኛ ቀን ሆኖ ቀርቷል። የአዲስ አበባና የአካባቢዋ ትምህርት ቤቶች አስተዳዳሪዎች፣ መምህራንና ወላጆች በየትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ተመካክረው፣ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ካሉት ቅዳሜዎች ቢያንስ አንዱን ለመልካ ቁንጡሬ፣ ለአዳዲና ለጢያ ሊመድቡ፣ ወጪውንም ከወዲሁ በየወሩ ሊያጠራቅሙ ይገባል።